አብረው የሞቱና አብረው የተማሩ

በአሜሪካ አሪዞና ግዛት ሞሬንሲ የምትባል የመዳብ ማዕድን ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1966 የዚያች ከተማ ዘጠኝ ልጆች፣ የአንድ ሃይስኩል ተማሪዎች፣ ማሪን (የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር) አብረን እንግባ ተባባሉ። ጁላይ 4፣ በአገሪቱ የነጻነት በዓል ዕለት፣ ዘጠኙም ተመዘገቡ። ከቬትናም በሕይወት የተመለሱት ሦስቱ ብቻ ናቸው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የስድስቱ ስም ዋሽንግተን ዲሲ ባለው የቬትናም ዘማቾች መታሰቢያ ላይ ተቀርጿል። ያን ጥቁር ግድግዳ በፎቶም ቢሆን ሳታዩት አትቀሩም። የሚገርመው ግን ይህ ነው። ከስድስቱ ሁለቱ እንኳ ጎን ለጎን አይገኙም። አብረው ያደጉ፣ አብረው የተማሩ፣ አብረው የተመዘገቡ ልጆች ድንጋዩ ላይ ተበታትነዋል።

በሌላ በኩል ከወር በፊት ፈጽሞ የማይተዋወቁ፣ አንዱ ከሰሜን ሌላው ከደቡብ የመጡ፣ አንድ ቀን አንድ ጉድባ ውስጥ የወደቁ ልጆች እዚያው አንድ ሰሌዳ ላይ ተጠጋግተው ይገኛሉ።

ይህ የሆነው በስህተት አይደለም። ተመክሮበት፣ ክርክር ተደርጎበት፣ ብዙ ተጓትቶ የተወሰነ ነገር ነው። ስለ ግድግዳው ቀለምና ቅርጽ ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚስበኝ ግን የስሞቹ አሰላለፍ ነው። የመታሰቢያ ትልቁ ጥያቄ እዚያ ውስጥ ያለ ይመስለኛል፦ ሟቹን ከማን ጎን እናስቀምጠው?

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ሰው እንቅልፍ ማጣት ነው። ጃን ስክራግስ ተራ እግረኛ ወታደር ነበር። በ1969 ቬትናም ውስጥ በአርፒጂ ቆሰለ። ታክሞ ወደ ምድቡ ተመለሰ። በጃንዋሪ 1970 ጥይት የጫነ መኪና ፈንድቶ 12 የምድብ ጓደኞቹን በአንድ ቅጽበት አጣ።

አገሩ ገብቶ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። ያጠናው ስለ ተመላሽ ወታደሮች የአእምሮ ሁኔታ ነው። «እነሱ ሞተው እኔ ለምን ተረፍኩ» የሚለው ጸጸት ሰውን እንዴት እንደሚበላ በወረቀት ያውቀዋል ማለት ነው። ማወቁ ግን አላዳነውም። በማርች 1979 አንድ ምሽት ስለዚያው ጦርነት የተሠራ ፊልም አይቶ ቤቱ ገባ። ሌሊቱን ያ ፍንዳታ ዓይኑ ላይ ሲመላለስ አደረ። ሲነጋ ለሚስቱ መታሰቢያ አሠራለሁ አላት። ሐሳቡ ገና ከመጀመሪያው አንድ ቁርጥ ያለ ነገር ነበረበት፦ የሁሉም ስም ይጻፍ።

ያን ጊዜ አሜሪካ ቬትናምን መርሳት ነበር የምትፈልገው። ጦርነቱ ተሸንፎ አልቋል። ተመላሾቹን አብዛኛው ሰው እንኳን ደህና ገባችሁ አላላቸውም። ስክራግስ ከራሱ ኪስ 2,800 ዶላር አውጥቶ ጀመረ። ገንዘብ አዋጡ ብሎ ሕዝቡን ሲጠራ መጀመሪያ የገባለት 144 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። መሳቂያ ሆነ። በመጨረሻ ግን ከ275,000 በላይ ሰዎችና ድርጅቶች አዋጥተው ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ግድግዳው የቆመው በዚህ ገንዘብ ነው፤ ከመንግሥት ካዝና አልተወሰደለትም። መንግሥት የሰጠው ቦታውን ነው። ፕሬዚዳንት ካርተር ሕጉን የፈረሙት ጁላይ 1 ቀን 1980 ነበር። ቦታው ከሊንከን መታሰቢያ አጠገብ ነው።

ንድፉ በውድድር እንዲመረጥ ተወሰነ። ደንቡ አጭር ነው። የሞቱትና የጠፉት ሁሉ ስም ይኑርበት። ስለ ጦርነቱ ትክክልነት ወይም ስህተትነት አንዳች አይናገር። ሰውን ቆም ብሎ እንዲያስብ ያድርግ። ከአካባቢው ጋር ይስማማ። 1,421 ንድፎች መጡ። ከብዛታቸው የተነሳ አንድሩስ አየር ኃይል ጣቢያ ባለ የአውሮፕላን ማቆሚያ ውስጥ ነው የተዘረጉት። የሠሪው ስም ተደብቆ ቁጥር ብቻ ተሰጣቸው። ዳኞቹ በአንድ ድምፅ 1026 ቁጥርን መረጡ። ፖስታው ሲከፈት ማያ ሊን የምትባል የ21 ዓመት ልጅ ሆነች። ገና የየል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ንድፉን የሠራችው ከመቃብርና ከመታሰቢያ ግንባታ ጋር ለተያያዘ ኮርስ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ የማይወራ ነገር አለ። የል ውስጥ ዉልሲ ሆል የሚባል ሕንጻ አለ። መግቢያው ላይ ግድግዳው በሙሉ ስም ነው፤ በየጦርነቱ የሞቱ የዩኒቨርሲቲው ልጆች ስም። ማያ ሊን ትምህርት በጀመረችባቸው ዓመታት ድንጋይ ቀራጮች እዚያው ቆመው የቬትናም ሟቾችን ስም በእጃቸው ሲጨምሩ ታያቸው ነበር። በዚያ በኩል ስታልፍ ስሞቹን በእጇ ሳትነካ ማለፍ እንደማይሆንላት በኋላ ራሷ ጽፋለች።

ስለዚህ አገሪቱ ለሟቾቿ ያቆመችው ትልቁ ግድግዳ አንዱ ሥሩ የትምህርት ቤት ኮሪደር ነው። አንድ ተማሪ ወደ ክፍል ሲሄድ፣ ከእሱ በፊት በዚያው በር ይገቡ የነበሩ ልጆችን ስም እየዳበሰ የሚያልፍበት ኮሪደር። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ አሰላለፉ። ብዙ ሰው የጠበቀው የፊደል ተራን ነው። ልጄን ፈልጌ ስመጣ በቤተሰብ ስሙ አገኘዋለሁ፤ አለቀ። ከዚህ የሚቀል ነገር የለም። ሊን ግን ስሞቹ በሞቱበት ቀን ቅደም ተከተል ይሁኑ አለች። የቀድሞ ወታደሮች ራሳቸው ተቃወሙ። ከ57,000 በላይ ስም መሐል አንዱ እንዴት ይገኛል? የተጨነቀች እናት መጥታ ስትዞር ልትውል ነው?

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን የሰጠው የመከላከያ ሚኒስቴር የሟቾች ዝርዝር ነበር። በፊደል ተራ የተደረደረውን ያን ወፍራም ዝርዝር ሲያገላብጡት የስልክ ማውጫ መሰላቸው። ስሚዝ የሚባሉት ብቻ ከ600 በላይ ናቸው። በእኛ ስም ብታስቡት፣ አበበ ከላይ አበበ ከታች፣ ዓይን እስኪፈዝ አበበ እንደማለት ነው። እናትየዋ ልጇን ያለ ጭንቅ ታገኘዋለች። ግን የምታገኘው በአንድ መንጋ ሞክሼ መሐል ነው። ከነዚያ ሰዎች ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው።

የቀን ተራ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ግድግዳው እንደ ዜና መዋዕል መነበብ ይጀምራል። በ1965 መጨረሻ የዘመተ ሰው የራሱን ጊዜ ያውቃል። የቆሰለበትን ሳምንት ያውቃል። ወደዚያ ሰሌዳ ሲሄድ አንድ ስም ፈልጎ ሌሎቹን ሳይፈልጋቸው ያገኛቸዋል። ሬዲዮ ተሸካሚው እዚህ። ሐኪሙ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ። ስማቸውን እንኳ ረስቶት የነበሩት ልጆች ሳይቀሩ። የማያ ሊን ክርክር ይኸው ነበር፤ ተመላሹ የራሱን ዘመን ድንጋዩ ላይ ያገኘዋል፣ ጓደኞቹንም አብረው በነበሩበት ያገኛቸዋል።

እናትየዋስ? ለእሷ በፊደል ተራ የተዘጋጀ ማውጫ መጽሐፍ መግቢያው ላይ ተቀመጠ። ከስሙ ፊት የሰሌዳው ቁጥርና መስመሩ አለ። ክርክሩን ያበረደው እንዲህ ያለ ቀላል መላ ነው። ማውጫው የመፈለጊያውን ሥራ ወሰደ፤ ድንጋዩ ለመገናኛ ቀረ። የመታሰቢያ ኮሚቴ ውስጥ ያለ ሰው ከዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ ልቅዳ ቢለኝ ይህን ነው የምሰጠው።

አንድ እርማት ግን ያስፈልጋል። በአንድ ቀን ውስጥ ስሞቹ በፊደል ተራ ነው የተቀመጡት። ጥቂት ሰው የሞተበት ቀን ከሆነ አንድ ምድብ በጠባብ ቦታ ይሰበሰባል። ግን ጃንዋሪ 31 ቀን 1968ን ውሰዱ፤ የሰሜን ቬትናም ወገን ድንገት የከፈተው የቴት ጥቃት የተስፋፋበት ቀን ነው። በዚያ አንድ ቀን ከ240 በላይ ሞተዋል። አንድ ምሽግ ውስጥ የነበሩ ሁለት ልጆች በመቶ ስሞች ሊራራቁ ይችላሉ።

አቀማመጡን ልንገራችሁ፤ ኋላ ያስፈልገናል። ግድግዳው ሁለት ክንፍ ነው። እያንዳንዱ ወደ 75 ሜትር ይረዝማል። መሐል ላይ ሲገናኙ ከፍታቸው 3 ሜትር ያህል ነው፤ ወደ ጫፍ ሲሄዱ እየቀጠኑ እስከ ቁርጭምጭሚት ይወርዳሉ። አንዱ ክንፍ ወደ ሊንከን መታሰቢያ፣ ሌላው ወደ ዋሽንግተን ሐውልት ያመለክታል። ስሙ የሚጀምረው ከዳር አይደለም፤ ከመሐል ነው። 1959 ብሎ ከመሐሉ ጥግ ይነሳና በቀኝ ክንፍ ወደ ጫፉ ይሄዳል። ሜይ 1968 ላይ ሲደርስ የቀኙ ክንፍ ያልቃል። ቀጣዩ ስም ያለው በግራ ክንፍ የመጨረሻ ጫፍ ላይ ነው። ከዚያ ወደ መሐል እየመጣ 1975 ላይ ያበቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሟችና የመጨረሻው ሟች ጥጉ ላይ ጎረቤት ናቸው። ጦርነቱ ክብ ሠርቶ ይዘጋል።

ተቃውሞው ግን በስም አሰላለፍ ብቻ አላበቃም። ጥቁር ነው ተባለ። መሬት ውስጥ የገባ ነው ተባለ። ለውድድሩ 160,000 ዶላር የሰጠው ባለሀብት ሮስ ፔሮ ሳይቀር ተነስቶ ተቃወመ። ከሁሉ የከበደውን ቃል የተናገረው ግን ቶም ካርሃርት ነው። ቬትናም የዘመተ፣ የቆሰለ፣ ራሱም ለውድድሩ ንድፍ ያስገባ ሰው ነው። በ1981 በአደባባይ ቆሞ ግድግዳውን «የሃፍረት ጥቁር ቁስል» አለው።

አሁን ልብ በሉ። የመታሰቢያውን ድርጅት በሊቀመንበርነት ይመራ የነበረው ጃክ ዊለር የካርሃርት የኮርስ ጓደኛ ነው። ሁለቱም ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ በ1966 ወጡ። ያ ኮርስ 579 መኮንኖችን አስመርቆ 30ዎቹን ቬትናም ላይ አጥቷል። ሁለቱም እነዚያኑ 30 ሰዎች ነው የሚያስታውሱት። በአንድ ካምፓስ የኖሩ፣ ምናልባትም በአንድ ረድፍ የተሰለፉ ልጆች። አንዱ ጓደኞቼን የሚያከብር ይህ ነው አለ፤ ሌላው ጓደኞቼን የሚያዋርድ ይህ ነው አለ።

እኔ ከዊለር ጎን ነኝ። ካርሃርትን ግን እንደ ክፉ ሰው ማየት አልችልም። አገሩ ተመላሹን ለዓመታት ፊት ነስታዋለች። ዋሽንግተን ውስጥ የሌላው ጀግና ታላላቅ መታሰቢያ አብዛኛው ነጭ ነው፣ ከፍ ያለ ነው። የእሱ ጓደኞች ተራ ሲደርስ ጥቁርና ዝቅ ያለ ነገር ሲመጣለት ምን ይበል? ሐዘንተኛ ሲከራከር የሚከራከረው ስለ ድንጋይ አይደለም።

በመጨረሻ ተስማሙ፤ ወይም ቢያንስ ስምምነት የሚመስል ነገር ላይ ደረሱ። ባንዲራና በፍሬድሪክ ሃርት የተሠራ የሦስት ወታደሮች ሐውልት ይጨመር ተባለ። ሊን ይህን አልወደደችውም። ሐውልቱ ከግድግዳው ራቅ ብሎ በ1984 ቆመ። ሦስቱ ልጆች ወደ ስሞቹ የሚያዩ ይመስላሉ፤ የራሳቸውን ስም እየፈለጉ ነው የሚሉም አሉ። በ1993 ደግሞ የሴቶቹ መታሰቢያ ታከለ። ግድግዳው ላይ ስምንት ሴቶች አሉ፤ ሁሉም ነርሶች ናቸው።

ስለ ድንጋዩ ሁለት ነገር ልበልና ልለፍ። ከህንድ ባንጋሎር የመጣ ጥቁር ግራናይት ነው። ስዊድንና ካናዳም ተስማሚ ድንጋይ ነበራቸው፤ ግን ከውትድርና የሸሹ ወጣቶች የተጠለሉባቸው አገሮች ናቸውና ቀሩ። (ድንጋይም ፖለቲካ አለው።) የባንጋሎሩ ሲወለወል መስታወት ይሆናል። የጓደኛህን ስም ስታነብ የራስህን ፊት ከስሙ ኋላ ታየዋለህ። አንተ አርጅተሃል፤ ስሙ ያው ነው። ፊደሎቹ በመሮ አልተቀረጹም። የስሞቹ ቅርጽ በፎቶ ዘዴ ድንጋዩ ላይ ይወጣና ደቃቅ ብናኝ በኃይል ይረጭበታል። ሥራው በወራት ያለቀው ለዚህ ነው። ቁመታቸው ከአንድ ሳንቲሜትር ብዙም አይበልጥም። ለማንበብ መጠጋት ግድ ነው። አንዴ ከተጠጋህ ደግሞ እጅህ አርፎ አይቀመጥም።

ምረቃው ኖቬምበር 13 ቀን 1982 ሆነ። ከዚያ በፊት በከተማይቱ ትልቅ ካቴድራል ውስጥ 57,939ኙም ስሞች ጮክ ተብለው ተነበቡ። ንባቡ ከሁለት ቀን በላይ ፈጀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላቀደውም። ሰዎች ዕቃ ይዘው መምጣት ጀመሩ። ደብዳቤ። ቡት ጫማ። የቢራ ጣሳ፤ አብረው ሊጠጡት ቃል የተገባቡት። የክፍል ፎቶ። ጥበቃዎቹ መጀመሪያ የጠፋ ዕቃ መስሏቸው ይሰበስቡት ነበር። ኋላ ነገሩ ሲገባቸው የአገሪቱ ፓርኮች አስተዳደር መዝግቦ ያስቀምጥ ጀመር። እስካሁን ከ400,000 በላይ ዕቃ ተሰብስቧል። ብዙ ሰው ደግሞ ወረቀት ስሙ ላይ ዘርግቶ በእርሳስ ያሸዋል። ስሙ ወረቀቱ ላይ ይወጣለታል፤ አጣጥፎ ይዞት ይሄዳል።

መታሰቢያ የሠራ ሰው ሁሉ የሚፈራው ሰው አይመጣም ብሎ ነው። እዚህ የተገላቢጦሽ ሆነ። በ1984 ደግሞ ግማሽ መጠን ያለው ተንቀሳቃሽ ግልባጭ ተሠርቶ በየከተማው መዞር ጀመረ። ዋሽንግተን መሄድ ለማይችል፣ ወይም መሄድ ለሚፈራ። መፍራት አለ። ግድግዳው ፊት ለመቆም ዓመታት የፈጀባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ጉዳዩን ግን በሙገሳ ብቻ ከዘጋሁት ውሸት ይሆናል። መቁጠር ራሱ ያስቸግራል። በመዝገብ ስህተት በሕይወት ያሉ የጥቂት ሰዎች ስም ተቀርጿል። ድንጋይ አይሰረዝምና እዚያው አለ። ቆይቶ በቁስሉ የሞተ ሲረጋገጥ ደግሞ ስሙ ይጨመራል፤ ዛሬ ቁጥሩ ከ58,200 በላይ ነው። የሚጨመረው ግን ቦታ በተገኘበት ነው። ከቆሰለበት ቀን ጓደኞቹ ጎን ክፍት ቦታ ከሌለ ራቅ ብሎ ይገባል።

ከዚህ የሚከብደው ያልተጻፉት ነው። አገሩ ገብቶ ራሱን ያጠፋ አይጻፍም። ጫካውን ለማራገፍ በተረጨው ኤጀንት ኦሬንጅ ሰበብ በካንሰር የሞተም አይጻፍም። በ2004 ለእነሱ የሚሆን አንድ ጽላት መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ስም ግን የለበትም። መከላከያው መስመር ማስመር እንዳለበት ይገባኛል። ስክራግስ ፊልሙን አይቶ ያደረበትን ሌሊት ሳስብ ግን መስመሩ የተሰመረበት ቦታ ያሳስበኛል። ያ ሌሊት ሌሎች ብዙዎች ላይ ደርሷል። ሁሉም ሲነጋ ለሚስቱ የሚነግረው ሐሳብ አልነበረውም።

የቬትናሞቹ ወገን ደግሞ ጨርሶ ሌላ ዓለም ነው። መንግሥታቸው በ1995 ይፋ ባደረገው ግምት 1.1 ሚሊዮን ያህል ተዋጊና 2 ሚሊዮን ያህል ሲቪል ሞቷል። በዚህ ግድግዳ ስፋት ይጻፉ ቢባል ርዝመቱን አስቡት።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ ኮሪደር ልመለስ። የቀን ተራ የጦር ጓደኛን ያገናኛል። የክፍል ጓደኛን ግን ይለያያል። ሁለቱን በአንድ ድንጋይ ማድረግ አይቻልም። ፊላደልፊያ ውስጥ ኤዲሰን የሚባል የመንግሥት ሃይስኩል አለ። በቬትናም 64 ልጆቹን አጥቷል። ከአሜሪካ ሃይስኩሎች ሁሉ ይህን ያህል የሞተበት የለም። ከአንድ ሰፈር፣ ከአንድ ጊቢ፣ 64 ልጅ። ዋሽንግተን ያለው ግድግዳ ግን ይህን አይነግርህም። 64ቱ በየዓመታቸው ተበትነው 58,000 ውስጥ ሰጥመዋል። አንድ ጎብኚ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢያነብ ኤዲሰን የሚባል ትምህርት ቤት መኖሩን አያውቅም።

ያንን ሊናገር የሚችለው ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው። ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ 54 ሲባል ቆይቶ ነበር። ኋላ ስም እየተጣራ፣ አንድ በአንድ እየተገኘ 64 ደረሰ። ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። አገር የሟቾቿን ዝርዝር በመዝገብ ይዛለች። የሟቹን ትምህርት ቤት ግን ድንጋዩ አይጽፈውም። እሱን የሚያውቀው ከኋላው ወንበር ይቀመጥ የነበረ ልጅ ነው። ያ ልጅ እስካለ ድረስ ነው የሚታወቀው። አሥሩ ስሞች ሳይቆጠሩ የኖሩባቸውን ዓመታት አስቡ።

ደግሞ የትምህርት ቤት ቁጥር ሲሠራ አንድ ጥያቄ አይቀርም። የክፍል ጓደኛ ማነው? የተመረቀ ብቻ? ወይስ አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጦ የዘመተም? ኮሚቴዎች እዚህ ላይ ይጣላሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አንድ ሴሚስተር ተምሮ የሄደውም ይጻፍ። ስሙን ሲጠሩት አቤት ያለበት ክፍል ነው።

የኤዲሰን አሮጌው ሕንጻ በ2011 ተቃጠለ። ያኔ ትምህርት ቤቱ ራሱ ወደ ሌላ ሕንጻ ከሄደ ቆይቷል። ልጆቹ የተማሩባቸው ክፍሎች የሉም ማለት ነው። የትምህርት ቤት ሰሌዳ ድክመቱ እዚህ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ይዛወራል፣ ስሙ ይለወጣል፣ ይፈርሳል። ዲሬክተር ሲቀየር ሰሌዳው ዕቃ ቤት ይገባል። አገራዊው ግድግዳ ይህ አያሰጋውም። የሚያጥበውና የሚጠብቀው አለ።

ሁለቱን ሊያስታርቅ የሞከረ አንድ ሥራ አለ። ግድግዳውን ያሠራው ድርጅት ለእያንዳንዱ ስም ፎቶ መፈለግ ጀመረ። ቀላል ይመስላል። ብዙዎቹ ግን 19 እና 20 ዓመታቸው ነበር፤ ብዙ ፎቶ የመነሳት ዕድሜ እንኳ አልነበራቸውም። ወላጆች ሞተዋል። ቤት ተቃጥሏል፣ አልበም ጠፍቷል። በጎ ፈቃደኞች ቤተ መጻሕፍትና የአካባቢ ጋዜጣ ማገላበጥ ያዙ። ብዙ ፎቶ የተገኘው ከትምህርት ቤት የምረቃ መጽሔት ነው። ክራባት አስረው፣ ጸጉራቸውን አበጥረው፣ ገና ምንም ያልደረሰባቸው ልጆች። በ2022 ለሁሉም ስም ቢያንስ አንድ ፎቶ ተገኘ።

ስለዚህ ድንጋዩ ላይ በሞተበት ቀን የቆመው ልጅ፣ ፎቶው ላይ ብዙ ጊዜ የክፍሉ ልጅ ሆኖ ነው የሚታየው። ይህ ታስቦበት የሆነ አይመስለኝም። የተገኘው ፎቶ እሱ ስለሆነ ነው።

የሞሬንሲዎቹን ስድስት ልጆች ግድግዳው ላይ መጎብኘት የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ማውጫውን ይከፍታል። ስድስት ቁጥር ይጽፋል። የመጀመሪያው በኦገስት 1967 የሞተ ነው፣ ቀኝ ክንፍ ላይ። ሁለተኛው በዚያው ዓመት ኖቬምበር፣ እዚያው ክንፍ ላይ ወደ ጫፉ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ። ሦስተኛው ኤፕሪል 1968። አራተኛው በሜይ 1968 ነው፤ ግድግዳው ወደ ማለቁ ላይ፣ ዝቅ እያለ በሄደበት። አምስተኛው የሞተው ከአራተኛው በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው፣ በጁን። በመካከላቸው ግን የቀኙ ክንፍ አልቋል። ስለዚህ ተመልሶ፣ ሰው ሁሉ የሚቆምበትን የመሐሉን ጥግ አልፎ፣ የግራውን ክንፍ እስከ ጫፉ አካባቢ ድረስ መሄድ አለበት። የመጨረሻው፣ የ1969ኙ፣ ከዚያ ወደ መሐል ሲመለስ ይገኛል።

ከአራተኛው እስከ አምስተኛው ከ100 ሜትር በላይ መንገድ ነው።